ከዜሮ በታች

ጥር ነው፤ ቦዶ ላይ ሳይነጋ ይመሻል፣
ከጀልባ የወረደ በረዶ ይረግጣል።
ቶርዲስ ከደሴቷ በማለዳ መጥታ፣
ከጠባቧ አልጋ ተኛች ተዘርግታ።
ቀለበቷን አወጣች፣ የቀበቶዋን ብረት፤
ብረት አይወድ አሉ መሣሪያው፣ ሲያይ አጥንት።

ኤይቪን፣ ባለሙያው፣ የልጅ ልጇን ያህላል፤
እግሯን ሣጥን ላይ ሰቅሎ «አይነቃነቁ፣ ያልቃል» ይላል።
የመሣሪያው ክንድ በላይዋ አለፈ፣
መረብ እንደሚጎትት ጀልባ እየቀዘፈ፣
ከወገብ ወደ ዳሌ፣
ቀስ፣
ቀስ እያለ፣
ጨረሩን ባጥንቷ ላይ እየጣለ።

አርባ ዓመት ፋብሪካ ዓሣ ስትበልት ኖራለች፤
ቢላዋዋ ካንገት እስከ ጅራት ሲወርድ ታውቃለች፣
የጠገበው የቱ፣ የቱ እንደተራበ፤
መብራት ሳይፈልግ ጣቷ አጥንት አነበበ።

ልጁ ስክሪኑን አዙሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ቃል ሲመርጥ ቢቆይ፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣
ቀደመችው።
«ይኼ ዓሣ፣» አለች፣ «ርቦት ነው የከረመ።
ነጭ ሊሆን የሚገባው ግራጫ ሆኗል፣ አየህ?
ሦስተኛዋ ደግሞ እንደተረገጠ የክብሪት ቤት
ፊቷ ተደፍጥጧል። መቼ ነው የተሰበረች?»
«ወድቀው ያውቃሉ?»
«እኔ? መኸር ላይ አንድ ጆንያ ድንች አነሳሁ፣
ወገቤ ቀጭ አለ፤ አሸት አርጌው ቤቴ ገባሁ።»

«ዝርዝሩን ሐኪሟ ታስረዳዎታለች። ቁጥሩ ግን
ከዜሮ በታች ሦስት ነጥብ አንድ ነው።»
«ከዜሮ በታች?» ሳቀች። «ለጥርማ ይኼ ሙቀት ነው።»

ከዚያ ዝም አለች። ካልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፣
አንድ እግሯ ካልሲ ለብሶ፣ አንዱ ራቁቱን ወጣ፣
እናቷ መጣችባት፤ ጉንቮር፣ ያቺ ረጅም፣
በየዓመቱ ስታጥር፣ ቀሚሷ ሲረዝም።
የመቃኑ ምልክት ለልጆች ሽቅብ ሲያድግ፣
እሷ ቁልቁል ስትሄድ፣ ማን ብሎ ይጠርጠርግ?
«ዕድሜ ነው» አሉ። «መሬት ጠራቻት» አሉ።
ስታስነጥስ ጎኗ ሲሰነጠቅ «ብርድ ነው» አሉ።
አንድ ሌሊት ወለሉ ላይ ተገኘች፤
ወድቃ ተሰበረች ብለው ቀበሯት።
ወይስ ተሰብራ ነበር የወደቀች?
ማንም አልጠየቀም።
የሚጠየቅ ምስል ያኔ አልነበረም።

«አትምልኝ» አለች።
ልጁ አተመ። አጣጥፋ በካፖርቷ ኪስ ከተተች፤
እቤት ያለው ፎቶ ላይ፣ ከዓሣ መስቀያው ሥር፣
እናቷ ጎንበስ ብላ አለች፤
ጎን ለጎን ልታያቸው ነው፣
ያኛውን ከነሥጋው፣ ይኸኛውን ካጥንቱ።

ወደቡ ላይ መሰላሉ ውሃ አዝሎ ቀዝቅዟል።
የጀልባው ሠራተኛ እንደ ሁልጊዜው እጁን ዘርግቷል፤
ሃያ ዓመት ሲዘረጋ፣ ሃያ ዓመት ስታልፈው።
ዛሬ ጓንቷን አወለቀች፣
ያዘችው።