በር ጠባቂው

ከፓዱዋ ቬኒስ ቦዩ በሚወርድበት፣
አባቴ ዙዋኔ በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
በሩ ባለ ሁለት ክንፍ፣ አፉ ወደ ላይ የሾለ፣
ውሃው ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል፤ መቀርቀሪያ የለ፣ ቁልፍም የለ።
ጀልባ ሲደርስ ይነፋል መለከት፤
እኔ ከደጅ እቆጥራለሁ፦ የጨው ጀልባ፣ የጡብ ጀልባ፣ የመነኮሳት።

ግን እግሩ! ቆሞ ያረጀ እግር፤
ከጉልበቱ በታች ሰማያዊ ሥር
እንደ ወይን ሐረግ ተጠማዞ ያበጠ፣
በሆምጣጤ ጨርቅ ብንጠቀልለው ሌሊቱን የቆጠቆጠ።

በዚያ ክረምት አንድ የሕክምና ተማሪ እኛ ቤት አደረ፤
ሄኒንግ ነው ስሙ፤ የሰሜን ሰው፤ ከከተማ ዕዳ የበረረ።
የሬሳ ክፍል ሽታ ካባው ላይ ነበረ፤
እናቴ ካባውን ውጭ ሰቀለችው፤ እሱ ግን አላፈረ።

"ክንድህን ስጠኝ" አለው አንድ ማታ፣ እራት ላይ፤
የእናቴን ሻሽ ወስዶ አሰረለት፣ ከክርኑ በላይ፣
ሳያላላ፣ ሳያጠብቅ፣
ደም ሥሩ እስኪነሣ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ።
ሥሩ ተነሣ፤ አንጓ አወጣ እንደ ሸምበቆ፤
"በሮቹ እነዚህ ናቸው" አለው። አባቴ ጎንበስ አለ፣ ማንኪያውን ጥሎ፣ ተጨንቆ።
ሄኒንግ አንዱን ጣት ከታች ጫነ፣ በሌላው ደሙን ሽቅብ ጠረገ፤
ሥሩ ጠፋ። ከላይ ቢገፋው፣ ቢገፋው፣ ደሙ መውረድ አልፈለገ።
ከዚያ የታችኛውን ጣት አነሣ፤ ወዲያው ሞላ።
"እንደገና" አለ አባቴ፣ እራቱን ሳይበላ።
እንደገና። እንደገና። ዘጠኝ ጊዜ። ሾርባው ቀዘቀዘ፤
አባቴ የገዛ ክንዱን እንደ ሰው ዕቃ እያየ ፈዘዘ።

"ልብ" አለ ሄኒንግ፣ ቋንቋችንን እየሰበረ፣
"ቡጢ ነው፤ ይጨብጣል፣ ይለቃል፤ ከማኅፀን ጀምሮ ዕረፍት ያልነበረ።
የሚወጣው በደም ቅዳ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ምቱን የሚቀበል፤
የሚመለሰው በደም መልስ፤ ስስ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ በየስንዝሩ በር ባይኖረው ቁልቁል የሚል።
ቀኙ ልብ ወደ ሳንባ ይልካል፣ ጠቁሮ የመጣውን፤
ግራው ለአካል ያድላል፣ ቀልቶ የተመለሰውን።"

"ከቅዳው ወደ መልሱ በየት ይሻገራል?" አልኩ እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ።
ዝም አለ። ሻማውን አየ። የሚያውቀው አለቀ፣ እዚያች ደጅ።
"ከፀጉር የቀጠነ መንገድ መኖር አለበት" አለ፤ "ማንም አላሳየኝ።
መልሱን አላውቀውም።" ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተማረ ሰው ደስ ያለኝ።

አባቴ ግን ሱሪውን ሰበሰበ፣ እግሩን አወጣ፦
"ይሄኛው ጠባቂስ ምን በድሎ ተቀጣ?"
"በሩ ሳስቷል" አለው ሄኒንግ፤ "ክንፍና ክንፉ አልገጥም ብሎ፤
ቆመህ ስትውል ደሙ ቁልቁል ይከማቻል፣ ከታች አይሎ።"
ሳቀ አባቴ፣ ጥርሱ እስኪያልቅ፦
"እኔ የቬኒስን በር ስጠብቅ፣ የራሴን ማን ይጠብቅ!"

ሄኒንግ በጸደይ ሄደ፣ የኪራዩን ግማሽ ሳይከፍል፤
"ከፍሏል" አለ አባቴ። እናቴ "በምን?" ስትል
እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያት።
ከዚያ ወዲያ ጀልባ ነጂ ሁሉ ክንዱ ሳይታሰር በሩ አይከፈትለት፤
ማምለጥ የለም። ጨው ነጋዴ ቢሆን፣ መነኩሴ ቢሆን፣
የእናቴ ሻሽ ይጠብቀዋል፣ አባቴም ጣቱን።

በሞተበት ሌሊት እኔና እናቴ አጠብነው።
ክንዱን ሳነሣ ጣቴ ሄደ፣ ወደዚያው አንጓ፣ ሳላዝዘው።
ጫንኩት፤ ሽቅብ ጠረግሁት፤ ጣቴን አነሣሁ፤
ደም መልስ ነው ስሙ፤ መልስ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አጣሁ።

ከውጭ መለከት ተነፋ፤ የጡብ ጀልባ፣ ከባድ፣ የቸኮለ፤
እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። የሚከፍት ሰው የለ።
መለከቱ ደገመ።
ሻሿን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ፤ ውሃው በሩን ተደግፎ እንደ ቆመ።