ቤት ያልመታ ቤት

ካናጋሳባይ መጣ፣ ወረቀቱን ታቅፎ፣
የራሰ ዣንጥላውን በሩ ላይ ደግፎ።
«ቤቴን ልሸጥ ነበር፣ ገዢም አግኝቻለሁ፤
ልጄ ፐርዝ ወለደች፣ ልሄድ ተነሥቻለሁ።
ሄንግ ይባላል ልጁ፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣
ወጥ ቤቱን ስታየው ልቧ ዐረፈላት።»

ጠረጴዛው ማዶ እኔ ነኝ ተቀጣሪ፣
ሰውን በየዘሩ በመቶኛ ቈጣሪ።
ስም አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ቀላ።
የቻይኖች ድርሻ በዚያ ሕንፃ ሞላ።
«ሄንግ ቻይና ነው፣ ከእርስዎ አይገዛም፤
ለሕንድ ይሽጡት፣ ዋጋው ግን አይበዛም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤቴ ነበር ያልኩት፣
ለካ እኔ ነኝ የሱ፣ ዛሬ ነው ያወቅሁት!»

ሊራገም አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወውና፣
መነጽሩን ጠረገ፣ ትንሽ ዝም አለና፦
«ይኸው ሕግ ነው እኮ ሮኪያን ያመጣት፣
ከግድግዳዬ ማዶ በዕጣ ያስቀመጣት።
እኔ ታሚል፣ እሷ ማላይ፣
ልብሷ ከኔ ልብስ ጎን፣ ያንድ ዝናብ ሲሳይ፤
ሚስቴ ታማ ሌሊት መላው ሲጠፋኝ
በነጠላ ጫማ ሮጣ ደረሰችልኝ።
ባንድ እጁ የሠራውን ባንዱ አፈረሰው፤
ይህን እጅ ልሳመው ወይስ ልንከሰው?»

መልስ የለኝም፣ ያለኝ ማኅተም ብቻ ነው።

ግጥም ቤት እንዲመታ ቃል ይለወጣል፤
ሕንፃ ቤት እንዲመታ ማን ገብቶ ማን ይወጣል?

«ሮኪያ አልሰማችም» አለኝ ሳይቆጣ፣
ዣንጥላውን ረስቶ ወደ ዝናቡ ወጣ።