ታኮ

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርት ጭነን ስንወጣ፣
ጋሽ ዘርጋው መሪ ይዞ ውሃ አይጠጣ።
«ከጠጣሁ መቆም አለ፤ ከቆምኩ ገበያው ያልፋል»
ይላል። ላቡ ባንገቱ ይንጠፈጠፋል።
እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ሥራዬ ድንጋይ ነው፣
ዳገት ላይ ስንቆም ከጎማው ሥር የምወትፈው።

ደብረ ሲና ላይ ጎኑን ያዝ አደረገ፤
ከቆሎ ሻጮቹ ጋር ቀልድ እንኳ አልፈለገ።
«ብርድ ነው» አለኝ፤ «የጣርማበር ጉም።»
ጉሙ ግን ገና አልወረደም።

ከዋሻው ወዲህ ቆመን ሊሸና ወረደ፤
ቆየ። ሆዴ ተርበደበደ።
ሄጄ ባየው ተንበርክኮ፣
ግንባሩን ጎማው ላይ ጥሎ፣ ራሱ እንደ ታኮ፤
ድንጋዩ ላይ የፈሰሰው ሽንት
የሥጋ እጣቢ መስሎ፣ ደም ያለበት።

«ለሰው እንዳትነግር። ተልባ እጠጣለሁ።»
ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ግንባሩን ዳሰስሁ፣
የሞተር ክዳን ነው።

እህቴ እልፍነሽ ደብረ ብርሃን ነርስ ናት፤ ደወልኩላት።
«ጎኑን እየወጋው፣ ደም እየሸና፣ ትኩሳትም አለው?
ነገ አትበል። ይዘኸው ና፣ አሁን ነው።
ደግሞ ስማ፣ ሌላ ጊዜ ጠዋት ፊቱ ሲያብጥ፣ ጫማው ሲጠበው፣
ሽንቱ አረፋ ሲደፍቅ፣ ሳያመውም አምጣው።»

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ድንጋዬን ወትፌ፣
ሽንኩርቱን ለጭላዳ ጥዬ፣ በሰው ሚኒባስ ወሰድኩት ደግፌ።

ከምስር አትበልጥም አሉን ያቺ ጠጠር፤
ያቺ ናት ያቆመችው ያን የሚያህል ሾፌር።

ዛሬ በየዳገቱ ቆሞ ከጀሪካኑ ይጎነጫል።
ሊሸና ሲወርድ፣ እኔ ድንጋዬን ይዤ፣
ዓይኔ ቀለሙን ይሰርቃል።