እግር ማውጣት

እንደ ጆንያ ነበር፣ እጅጌ የሌለው፣
ከሰልባጅ ተራ ነው ሌንሳ ያገኘችው፤
የማን ልጅ፣ በየት ክረምት፣ በየቱ በረዶ
ተኝቶበት ይሆን? ማን አየው ባሕር ማዶ።
ጥጥ የሞላው ከረጢት፣ ደረቱ ላይ ድብ፣
ከአገጭ እስከ ጣት ድረስ በአንድ ዚፕ ክብብ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ሌሊት የሚገባው
ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን ዚፑ ሲዘጋ ነው።
ሽርርር...
በቃ። ኪያ ተኛች።
ብትገላበጥ እንኳ ከሙቀቷ አትወጣም፤
የቱሉ ዲምቱ ንፋስ ቢያንኳኳ አያገኛትም።
መስኮቱ አንድ መስታወት ይጎድለዋል፣ በላስቲክ ሸፍነነዋል፤
ላስቲኩ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤
እኔ ግን ግድ አልነበረኝም። ልጄ ታሽጋለች።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ስናለብሳት አንድ ማታ
አውራ ጣቷን አሳየችን ስፌቱን ፈትታ።
"እግር አወጣች!" አለች ሌንሳ እየሳቀች፤
ዓመት ሙሉ ስትሮጥ የከረመች ልጅ
እንደ አዲስ እግር አወጣች።

ኮምፎርት ገዛን፣ ቢጫ፣ ባለ ዝሆን፣
ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ ለደመወዝ ይሁን።
የመጀመሪያው ሌሊት ሌንሳ ተረኛ ናት፤
የፋብሪካው ሰርቪስ ወሰዳት በአሥራ ሁለት ሰዓት።
"እንዳይበርዳት" አለችኝ ከደረጃው መታጠፊያ።
እሺ አልኩ። ምን ይከብዳል?

አለበስኳት። ረገጠች።
አለበስኳት። ረገጠች።
በሦስተኛው ዝሆኑ ወለል ላይ ተዘርሯል፤
የልጄ እግር በጨለማ አየሩን ይጋልባል።
ለካ ሰው ሲተኛ እንዲህ ብዙ እግር አለው!
ከረጢት ውስጥ ሆኖ እኔ ያላየሁት ነው፤
አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ትራስ ሲገፋ፣
አንዱ እኔን ሲፈልግ፣ አገኘኝም፣ ጠፋ።
ሰባት ሰዓት ላይ ጅብ ጮኸ ከድንጋይ ካባው ማዶ፤
ቁርጭምጭሚቷን ነካሁ፦ ቀዝቃዛ፣ እንደ ብረት።

ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው አጉተመተመ፤
የማክሰኞ ውሃ፣ ሳምንት የታለመ፤
ጄሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ይዤ ገባሁ፤
አንዱ ሲሞላ ሌላው... ኪያን ለአፍታ ረሳሁ።

ዞር ስል
በሩ ላይ ቆማለች።
ባዶ እግሯን፣ ዝሆኑን በጆሮው ይዛ እየጎተተች፣
ማንም ሳያወርዳት፣ ማንም ሳይፈታት የመጣች።
የኮምፎርቱ ጫፍ ከወለሉ ውሃ ጠጥቷል፤
ዝሆን አይደል? ይጠጣል።

"አባ፣ ና" አለችኝ።
ትራፊክ እንዳስቆመው ባጃጅ ቀጥ አልኩ።
እስከ ትናንት እኔ ነበርኩ ወደ እሷ የምሄደው፤
ዚፑን ከላይ ወደ ታች እኔ ነኝ የምከፍተው።
ኪያ ማለት "የእኔ" ነው በእናቷ ቋንቋ፤
እኛ ስንጠራት የእኛ፣
ራሷን ስትጠራ ግን የራሷ።

እርጥቡን ዝሆን ወንበር ላይ አስጥተን
ከጃኬቴ ሥር ተኛን፣ ቤንዚን እየሸተተን።
ተረከዟ ጎድኔ ላይ አደረ።
ሌንሳ ንጋት ላይ ገብታ አየችን፤ ምንም አላለች፤
ጫማዋን አውልቃ፣ ከጃኬቱ የተረፈውን እግር
በሁለት እጇ ያዘች።

ከረጢቱን አጥባ ሰቀለችው በረንዳው ላይ፣
ለመርየማ ልትሰጣት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወሯ ገብቶ የለ ወይ፤
ንፋሱ መጣ፣ ያ ሁለት ክረምት ሲያንኳኳ የኖረው፣
በተከፈተው ዚፕ ገባ፤ ሆዱን ነፋው፣ ደረቱን ሞላው፤
ድቡ ቀና አለ።

ኪያ ከታች ሆና ቆማ አየችው፣
አየችው፣
ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ፈለገች፤
"እግሩስ?" አለች።