ዘጠኝ ወንበር

ከጥቁር አንበሳ ወጥቼ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩኝ፣
የሐኪሞች ቦርድ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩኝ።
መቀመጥ የማይችል ሰው
"መብረር ይችላል" ተብሎ ማኅተም ተመቶለታል።
ሐምሌ ነው፤ ካፊያ ነው። ትኬት ቢሮ ገባሁ፤
ተራዬ እስኪደርስ ከፌስታሉ ላይ ውኃ ሳራግፍ ቆየሁ።

ልጅቷ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፤
"እስከ ባንኮክ ቁጭ ይላል፣ ወይስ ይተኛል?" አለች።
"ይተኛል" አልኳት። "አከርካሪው ነው።"
ደመረች፣ አባዛች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦
"አልጋው የሚገጠመው ወንበር ታጥፎ ነው፤
የሚከፈለው የዘጠኝ ሰው ነው።"

ዘጠኝ!
ለወንድይፍራው!
በሦስት ሰው ወንበር አራት ሰው ለሚያጭቀው፣
ሞተሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ ተማሪ ለሚደረድረው፣
"ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ቀጭን ሰው ነው" እያለ
ወፍራም ለሚጨምረው!

ሰባት ዓመት በሩን ይዤ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ስጣራ
ባዶ ወንበር እንደ ሟርት ነበር እሱ የሚፈራ።

ለገሃር ጋ ጎማ ሊቀይር በርከክ እንዳለ
አንድ አይሱዙ መጣ።
ከዚያ ወዲህ እግሩን ሲጠራው
እግሩ አቤት አይልም።

መኪናዋን ሸጥናት።
ሚስቱ ጽጌማርያም ውሉ ላይ ስትፈርም
እኔ ጨርቅ ይዤ የጎን መስታወቱን እወለውል ነበር፤
ለምን እንደሆነ አላውቅም።
አሥራ ሁለት ወንበር ሸጠን
ዘጠኝ ወንበር ገዛን።
የጎደለውን የማኅበሩ ልጆች በሰኞ እቁብ ሞሉት፤
"መቼ ትመልሳላችሁ?" ያለ የለም።

ማታ አምቡላንሱ ውስጥ፣ ኦክስጅኑ ጎኑ ላይ ሲያፏጭ፣
ሲስተር አመለወርቅ ቀበቶውን ስታጠብቅ፣
በዓይኑ ጠራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
"እንዳልክ፣
ስንት ወንበር ነው ያልከኝ?"
"ዘጠኝ።"
ትንፋሹን ከየትም ከየትም ለቃቀመ፦
"ታዲያ ስምንቱን ሳትሞላ
ምን ብለህ ነው የምትሸኘኝ?"

መሣቅ ፈለግሁ፤ ጉሮሮዬ እንቢ አለ።
ወርጄ በሩን ዘጋሁት።
እጄ፣ ሳላዘው፣ እንደለመደው፣
የአምቡላንሱን ቆርቆሮ ሁለቴ ደለቀው፦
"ሳበው!"