አሥራ አንደኛው ስም

አሥር ስም ጽፌያለሁ በባቡር ቲኬት ጀርባ፤
አንድ ቦታ ባዶ ነው፣ እርሳሴ እዚያ አልገባ።
ሐሙስ ሌሊት ነው፤ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሐሩር
እየተፋብኝ ነው፤ ነገ ጨዋታ አለ፣ ከደቻቱ አሸዋ ዳር።

ረምዚ አለ።
ኳስ እግሩ ላይ ስትወርድ ትተኛለች እንደ ድመት፤
ሦስት ሰው አልፎ ይሄዳል ሳትነቃበት።
ከቀሙት ግን ቆሞ ያያል፣ እጁን ወገቡ ላይ ጥሎ፣
ባቡር እንዳመለጠው ሰው፣ «የሚቀጥለው ይመጣል» ብሎ።
ልምምድ አሥር ሰዓት ስል፣ እሱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣
በርጫው ሲበተን ነው የሚደርስ፣ ቅጠሉ ጉንጩ ላይ ሲታይ።

ጉተማም አለ።
ታይዋን ገበያ ጆንያ ሲያወርድ ነው የሚውለው፤
ኳሷንም ሲመታት የድንች ጆንያ መስላው ነው።
ለክንፍ ስጥ ስለው፣ ወደ ሳቢያን ትበራለች፤
ለጎል ብሎ የለጋት የሰው ግቢ ትገባለች።
ሩጫው ግን! አያድርስ ነው። የጉልበቱን ቆዳ
አሸዋው ላይ ትቶ ይነሳል፣ እንደሚከፍል ሰው ዕዳ።
በሰማንያኛው ደቂቃ፣ ሁሉም ምላሱን ሲያወጣ፣
እሱ ገና አሁን ከቤቱ ይመስላል የመጣ።

እኔ የቶርኖ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር።
አይቻለሁ፣ ጠንካራው እንደ ሸክላ ሲሰበር፤
ለስላሳው መልክ ይወጣዋል፣ ጭነት ሲመጣ ይጎብጣል።
ታዲያ ለነገ የቱ ይበጃል?
ሮብሌን ጠየቅኩት፤ ፍሬን ያዥ ነበር በደጉ ጊዜ።
«ዳገቱ በሞተር ነው፣ ቁልቁለቱ በፍሬን» አለ በትካዜ፤
«ነገ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ቁልቁል?»
አላወቅኩም።

ጎህ ሲቀድ ጻፍኩት፦ ጉተማ። እርሳሱ ተሰበረ።
ረምዚን ውሃ ያዥ አልኩት፤ ትንፍሽ ሳይል ዞረ።

ጉተማ ሮጠ። ለአሥር ሰው ሮጠ። ከከዚራ ልጆች አንዱም
ኳስ አልነካም በሰላም።
ከዚያ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ ዜሮ ለዜሮ፣
ኳስ መጣችለት፤ ባዶ ጎል፤ በረኛው ወድቋል ተዘርሮ።
እንደ ድንች ጆንያ ለጋት።
ድልድዩን አልፋ ሄደች።
በመልሱ አገቡብን።

አሸዋው ላይ ተደፋ፣ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ፤
እኔም አልተነሳሁ፣ ጉልበቴ ቄጤማ ሆኖ።
ያኔ አንድ ልጅ ሲሮጥ አየሁ፣ በዚያ በሚጋረፍ ፀሐይ፣
ጀሪካን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ውሃው ሲፈስ ሸሚዙ ላይ።
አምስት ዓመት አሠልጥኜው፣ እንደዚያ ሲሮጥ አላየሁም።
ረምዚ ነበር። ጎንበስ አለ። ምን እንዳለው አልሰማሁም።

ይኸው ደግሞ ሐሙስ መጣ። ቲኬት፣ አሥር ስም፣ እርሳስ።
ሚስቴ «ተኛ» ትለኛለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።
ረምዚን ልጽፈው እላለሁ፤
ታዲያ ለሚወድቀው ልጅ ውሃውን ማን ሊያደርስ?