ያልተጠረገ መስኮት

ደማም ላይ፣ ከባሕሩ ጀርባ፣ በሴቶቹ ዩኒቨርሲቲ፣
ሦስተኛ ፎቅ ነው የኔ ግዛት፤ ባልዲ፣ መወልወያ፣ ጓንቲ።
መግቢያው ላይ ስክሪን አለ፤ ይለፍፋል ሌት ተቀን፦
«ዘንድሮ አራት መቶ ጥናት አሳተምን!»
ማታ ማታ ጣት ያረፈበትን እወለውላለሁ፤
አራት መቶውን በእርጥብ ጨርቅ ዳስሼ አልፋለሁ።

ዶክተር ነጅላ የምትባል፣ አጭር፣ እርምጃዋ ጥድፊያ፣
ከአባያዋ ኪስ የማይጠፋ እስክሪብቶና መለጠፊያ፣
አንድ እሑድ ጠዋት ጠራችኝ፤ ዘጠኝ ስስ መስታወት ደርድራ
በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በጣቷ እየቆጠረች በተራ፦
«ጦይባ፣ ይሄን መስኮት ሠላሳ ቀን አትንኪው።
አቧራው ይረፍበት። እንግዳ ነው፤ አክብሪው።»

ቪዛ የተመታልኝ እሱን ላባርር፣
ደሞዜ የሚሰላው እሱ እንዳይኖር፣
እኔ? አቧራ ላክብር?

«ጠይብ» አልኋት።
ጠይብና ጦይባ ሥራቸው አንድ ነው ሲሉ ሰምቼ፣
እሺ ባልሁ ቁጥር ስሜን ነው የምጠራው አፌን ከፍቼ።

ሻማል የሚሉት ነፋስ መጣ፤ ሦስት ቀን እንደ እርድ ቢጫ ሰማይ።
ሌላው መስኮት ሁሉ ጠርቶ፣ የኔው ብቻ ደፍርሶ ሲታይ፣
ተቆጣጣሪዋ ሮዋና ደፉን በጣቷ አሸታ፣
«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ፣ የጣቷን ጫፍ አቅንታ።
«ጥናት ነው» አልኋት። ሳቀች።
የሁለት ቀን ደሞዝ ቆረጠች የዚያኑ ማታ።

ነጅላ ደብዳቤ ጻፈች፣ ማኅተም ያለው። የአንዱ ቀን ተመለሰ።
የሌላው የት እንደ ገባ ማንም አልነገረኝ።

ከከሚሴ እህቴ ደውላ፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣
«ጥናት ላይ ነኝ» አልኋት። ዝም ብላ፣ «ከፍ ብለሻል» አለችኝ።
«የምን ጥናት?»
«የመተው።»
ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ሠላሳው ሞላ። ዘጠኙን መስታወት እንደ ዕንቁላል አቅፋ
ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደች፤ «ነይ እዪ» አለች፣ ወንበሯን ለኔ አሳልፋ።

ዓይኔን ደፋሁ።
አቧራ ብዬ የማውቀው አቧራ አልነበረም።
የባሕር ጨው፣ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ባለ ማዕዘን፤
የበረሃ አሸዋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የማር ቀለም ያለው፤
የመኪና ጎማ ፍርፋሪ፣ እንዳረረ ቂጣ፤
የቴምር አበባ ዱቄት፣ ክብ ክብ፣ የሚተነፍስ የሚመስል።
አንዱን ስም በዐረብኛ፣ አንዱን በእጇ እያሳየች
ሁሉንም አስተዋወቀችኝ፤ ከየት አገር እንደ መጡ፣ በስንት ቀን።
እኔ በአንድ ጨርቅ ስጠርጋቸው የኖርሁ
ለካ የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው።

አራተኛው መስታወት ላይ ግን፣
እንደ ወንዝ የተጠማዘዘ፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ክር።

«ይሄስ?»
«እሱ ስሕተት ነው» አለች። «ከልብስ የወደቀ። አይቆጠርም።»

እጄን ከጠረጴዛው ላይ አወረድሁ።
የደንብ ልብሴ እጅጌ ጫፉ ተተልትሏል።
ሰማያዊ ነው።
አየችው። ማየቷን አየሁ።
እስክሪብቶዋ አየር ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈ።

ፊደሉን ቁርአን ቤት ለይቼዋለሁ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
ትርጉሙ ነው እየዘገየ የሚደርሰኝ።
ከወራት በኋላ ከማተሚያው ሥር ከቆሻሻ ቅርጫት
የዐረብኛውን ገጽ አገኘሁት። ጨው በመቶኛ፣ አሸዋ በመቶኛ።
ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በደቃቅ፦
«ሰማያዊ ክር፣ አንድ። ተወግዷል።»
አንድ ብላለች ግን። አንድ ብላ ቆጥራኛለች።

ስክሪኑ አሁን አራት መቶ አንድ ይላል። እወለውለዋለሁ።
መስኮቱንም ጠርጌዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።
ጨርቁን ሳራግፍ ከእጅጌዬ አንድ ክር ወርዶ
ደፉ ጥግ ላይ አረፈ።
ተውሁት።
ነገ የሮዋና ጣት ትምጣ፤
የአንድ ቀን ደሞዝ ከፍዬበታለሁ።